«አላይቭ 2007»ን በፍላሽ፣ በስልክ ወይስ በኦሪጅናል ሲዲ? ለባሕር ዳር ገዢዎች

የፈረንሳዩን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጥንድ የዳፍት ፐንክን የኮንሰርት ቅጂ «አላይቭ 2007»ን ባሕር ዳር ሆኖ የራሱ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሦስት መንገድ አለው። ሙዚቃ ቤት ሄዶ ፍላሽ ላይ ማስጫን፣ በስልክ አፕ መስማት፣ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ኦሪጅናል ሲዲውን ማስመጣት። «የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ መልሱ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ሲዲው ይሻላል። ሲገዙት ውዱ እሱ ነው፣ ዓመት ሲዞር ግን ርካሹ እሱ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቅጂው ጠባይ ነው። ኮንሰርቱ የተቀዳው እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2007 ፓሪስ፣ ቤርሲ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሁለቱ ፈረንሳዮች በዚያ ጉዟቸው ዘፈኖቻቸውን አንድ በአንድ አልተጫወቱም፤ ሁለቱን፣ ሦስቱን፣ አንዳንዴም አራቱን እያነባበሩ አንድ አደረጓቸው። ሲዲው ላይ 12 ትራክ አለ፣ ርዝመቱ 74 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በትራኮቹ መሀል ግን ዝምታ የሚባል ነገር የለም። ስምንተኛው ትራክ «ዋን ሞር ታይም»ን ከ«ኤሮዳይናሚክ» ጋር አጣምሮ ሳያቆም ወደ ዘጠነኛው ይገባል። ስለዚህ ይህን ቅጂ የሚገዛ ሰው የሚገዛው 12 ዘፈን አይደለም፣ የማይቋረጥ 74 ደቂቃ ነው። የሚቆራርጠው ማንኛውም መንገድ፣ በነፃም ቢሆን፣ ውድ ነው።

ፍላሽ ማስጫን ርካሽና ፈጣን ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሙዚቃ ቤት ሂሳብ የሚያወጣው ወይ በዘፈን ቁጥር ወይ በጊጋ ነው። በጊጋ ከሆነ ልኩን ዕወቁ፦ አልበሙ በሙሉ በ320 ኪሎቢት (በሰከንድ የሚይዘው የድምፅ መረጃ ልክ፣ ሲበዛ ጥራቱ ይጨምራል) ኤምፒ3 ወደ 178 ሜጋባይት፣ በ128 ኪሎቢት ደግሞ 71 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል። አንድ ጊጋ አይሞላም፣ ሩቡም አይደርስም። «ጊጋውን ላሟላልዎት» ተብሎ ያልጠየቃችሁት ሲጨመር የምትከፍሉት ለዚያም ጭምር ነው።

ትልቁ ችግር ግን የፋይሉ ምንጭ ነው። ብዙ ጊዜ ከዩቲዩብ የወረደ ሆኖ ይገኛል። ዩቲዩብ ላይ ያለው ድምፅ ራሱ ከ128 እስከ 160 ኪሎቢት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም «320» ተብሎ ይወጣል። መጠኑ 178 ሜጋ ይሆናል፣ ድምፁ ግን ያው የድሮው ነው። ሰፊ ዕቃ ውስጥ ስለገባ አልበዛም። ስለዚህ የፋይሉን መጠን አይቶ ማመን አይበቃም። ላፕቶፕ ያለው ሰው «ስፔክ» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ይክፈት። የድምፁ ምስል 16 ኪሎኸርዝ ላይ በካራ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀ ምንጩ ደካማ ነው። ደኅና 320 እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ይሄዳል፣ ከሲዲ በቀጥታ የተገለበጠው ደግሞ እስከ 22 ይጠጋል። ላፕቶፕ ከሌላችሁ እዚያው ባንኮኒው ፊት ቆማችሁ የመጀመሪያውን ትራክ መግቢያ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ በስፒከር አይሁን። የሕዝብ ጩኸትና ጭብጨባ ለማመቅ ከሁሉ ይከብዳል፣ በዝቅተኛ ጥራት ሲታመቅ ጭብጨባው ጥርት ማለቱን ትቶ እርስ በርሱ ይዋጣል፣ ጩኸቱም ይንሿሿል። የኮንሰርት ቅጂ ከስቱዲዮ ቅጂ ይልቅ በመጥፎ ኮፒ የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ታዳሚው ከሙዚቃው ጋር ሁልጊዜ አለ።

ቀጥሎ የትራኮቹ ቅደም ተከተል አለ። ቁጥር ሳይኖራቸው በስም ብቻ የተጫኑ ከሆነ በፊደል ተራ ይሰለፋሉ፤ «ኤሮዳይናሚክ ቢትስ» አንደኛ ይወጣል፣ ኮንሰርቱ የሚከፈትበት «ሮቦት ሮክ» ሰባተኛ ላይ ይገኛል። ቁጥር ቢኖራቸውም እንኳ የባጃጅና የርካሽ ስፒከር ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ስም አያነቡም፣ ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው የሚሄዱት። መፍትሔው ፍላሹን ፎርማት አድርጎ ከ01 እስከ 12 አንድ በአንድ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ሳይጀምሩ መገልበጥ ነው። «ፋትሶርተር» የሚባል ነፃ ፕሮግራምም ይህንኑ ያስተካክላል።

ቅደም ተከተሉ ቢስተካከልም ክፍተቱ አይጠፋም። ኤምፒ3 ድምፁን እኩል በሆኑ ትንንሽ ቁራጮች እየከፈለ ስለሚያሽግ በየፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ባዶ ይገባል። ጥሩ ማጫወቻ ያን አንብቦ ይዘለዋል። የባጃጅ ማጫወቻ ግን አይዘለውም፤ ጭራሽ አዲሱን ፋይል እስኪከፍት ድረስ ጸጥ ይላል። ከጣና ዳር ተነስቶ ወደ ገበያ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ቤዙ እየደለቀ ሳለ ድንገት ጭር ብሎ እንደገና ሲነሳ የሚሰማው ቅሬታ ተገቢ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ 12ቱን በአንድ ፋይል መሥራት። ይህን የሚያደርግላችሁ ሙዚቃ ቤት ብዙም የለም፤ ሲዲው እጃችሁ ካለ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ፍላሹ ራሱ ፎርጅድ እንዳይሆን። «2 ቴራ» ተብሎ በትንሽ ገንዘብ የሚሸጠው ውስጡ ጥቂት ጊጋ ነው፤ ሲሞላ አዲሱ አሮጌውን እየደመሰሰ ይሄዳል፣ ፋይሉ ስሙ ይታያል ግን አይከፈትም። «ኤች2ቴስትደብልዩ» የሚባለው ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያወጣል። ለዚህ ሥራ 8 ወይም 16 ጊጋ ይበቃል፣ ከ32 በላይ አትግዙ፤ ብዙ ማጫወቻ የሚያነበው ፋት32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት የተሰናዳውን ብቻ ነው። ሲገለበጥ መብራት ከሄደ ወይም ሳይዘጋ ከተነቀለ የፋይል ማውጫው ይበላሻል፤ ስለዚህ ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ይሁን።

ስልክ ላይ መስማት በድምፅ ከፍላሽ ይሻላል፣ ከተስተካከለ። ነፃው አፕ ለዚህ ቅጂ አይሆንም፣ መሀሉ ላይ ማስታወቂያ ያስገባል። በሚከፈልበት ደግሞ ክሮስፌድ የሚለውን (የአንዱን ትራክ መጨረሻ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር የሚያደባልቀውን) አጥፉ፣ ጋፕለስ የሚለውን (ያለ ክፍተት የሚያገናኘውን) አብሩ፣ ጥራቱን ከፍተኛው ላይ አድርጉ። በ320 አንዴ ሲሰማ ያው 178 ሜጋ ይበላል። ጊጋው 20 ብር ቢሆን አንዱ ጊዜ ሦስት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ገደማ ይሆናል፤ በየቀኑ የሚያሰማ ላውንጅ በወር ከ5 ጊጋ በላይ፣ ከ100 ብር በላይ ያወጣል፣ ያውም የአፑ የወር ክፍያ ሳይጨመር። አውርዶ ማስቀመጥ ዳታውን ይቆጥባል፣ ግን የወረደው የእናንተ አይደለም፤ ስፖቲፋይ ላይ 30 ቀን ኢንተርኔት ካላገኘ ይቆለፋል። ይህ ለባሕር ዳር ሰው ትንሽ ነገር አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። የወር ክፍያውም በዶላር ካርድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ዘመድ ማስቸገሩ አይቀርም። ዘመድ ማስቸገር ካልቀረ አንዴ ለሲዲው ማስቸገር ይሻላል።

የሲዲው ዋጋ በብር ሲመታ ያስደነግጣል፣ የሚቀነስበት መንገድ ግን አለ። አዲስ ሳይሆን ያገለገለ ይፈለግ፤ ያገለገለ ሲዲና ሸክላ በሚሸጥበት ድረ ገጽ ዲስኮግስ ላይ «ቪጂ ፕላስ» («በጣም ጥሩ» ከሚለው ከፍ ያለ) የሚል ደረጃ ያለው ይበቃል፣ ጭረት ቢኖረውም ይነበባል። ወደ ኢትዮጵያ በፖስታ አይላክ፣ መላኪያው ከሲዲው ሊበልጥ ይችላል። ዘመድ ባለበት አገር ቤቱ ድረስ ይምጣለትና ለገና ወይም ለጥምቀት ሲመጣ ይያዘው። የፕላስቲክ ማቀፊያውን እዚያው ይተወው፤ ሲዲው ብቻውን 15 ግራም ያህል ነው፣ ከወረቀቱ ጋር መጽሐፍ መሀል ይገባል።

እዚህ አገር «ኦሪጅናል ነው» የተባለ ሲቀርብላችሁ ገልብጣችሁ እዩት። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ሆዱ ብር የመሰለ ነው፤ በኮምፒውተር የተቃጠለው ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ያደላል። መሀል ቀዳዳው አካባቢ ባለው ቀለበት ላይ የተቀረጸ ፊደልና ቁጥር መኖር አለበት። ወረቀቱን በረጠበ ጣት ዳር ላይ ስትነኩት ቀለሙ ከለቀቀ የቤት ፕሪንተር ሥራ ነው። ጭረት ካለው የቱ ጎን እንደሆነ ተመልከቱ፦ የሆዱ ጭረት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፣ የላዩ ግን አይታለፍም፤ ድምፁን ያዘለው ንጣፍ ያለው ከሥዕሉ ሥር ነው። ስትጠርጉት ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ ብላችሁ ጥረጉ፣ አታዙሩ።

ሲዲው እንደመጣ ሳይውል ሳያድር ይገልበጥ። ላፕቶፑ ማጫወቻ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ ተዋሱ። «ኢግዛክት ኦዲዮ ኮፒ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሴኪዩር በሚለው አሠራር ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ በፍላክ አውጡ። ያልታመቀው 780 ሜጋ አካባቢ ነው፣ ፍላክ ግን ድምፁን ሳይነካ በደንብ ያሳንሰዋል። ይህ ዋናው ቅጂ ነው፣ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ከእሱ ላይ ሁሉንም ትራክ በአንድ ያያዘ 320 ኤምፒ3 ሥሩ፤ ለባጃጁ፣ ለስፒከሩ፣ ለላውንጁ የሚሄደው እሱ ነው። ሲዲውን ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ የሚያዝያ ፀሐይ ያጣምመዋል። ክረምት ላይ የሐይቁ እርጥበት እንዳያሻግተው ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራችሁ አስቀምጡ።

በጀቱ በጣም ለጠበበ የዚሁ ቡድን «አላይቭ 1997» አለ። በርሚንግሃም ውስጥ የተቀዳ፣ 45 ደቂቃ፣ ሲዲው ላይም አንድ ትራክ ብቻ ነው። የሚቆራረጥ ነገር ስለሌለው በማንኛውም ማጫወቻ ላይ ሳይጎዳ ይሄዳል። እንደ 2007ቱ ግን አይደለም፤ ዘፈኖችን የማነባበሩ ጥበብ የመጣው በኋላ ነው።

«የአላይቭ 2007 ዲቪዲ አለ» የሚላችሁን ሻጭ እለፉት። ቡድኑ የዚያን ኮንሰርት ፊልም አላወጣም፤ የሚሸጠው ታዳሚዎች በስልክና በትንንሽ ካሜራ የቀረጹት ተቀጣጥሎ ነው። ላውንጁ ስክሪን ካለውና ምስል ከተፈለገ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን፣ ፉጂ ሮክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የተቀረጸው የእንግሊዙ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጥንድ የኬሚካል ብራዘርስ «ዶንት ቲንክ» በሕጋዊ መንገድ የወጣ ፊልም ነው። ብሉሬይ ማጫወቻ ካላችሁ ከአውሮፓ ይምጣ፣ አፍሪካና አውሮፓ በብሉሬይ አንድ ክልል ናቸው። በዲቪዲ ግን ይለያያሉ፣ እኛ 5 ነን፣ እነሱ 2፤ ስለዚህ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ሳይታይ አይከፈልበት።

«አላይቭ 2007» በዴሉክስም ወጥቷል፤ የፎቶ መጽሐፍና የኮንሰርቱ ማሳረጊያ ያለበት ሁለተኛ ሲዲ አለው፣ 10 ደቂቃ ገደማ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ማሳረጊያው ግን ከአልበሙ ምርጥ ደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ያገለገለ ዴሉክስ ስታዝዙ ሻጩ ሁለቱንም ሲዲ ጎን ለጎን አድርጎ ፎቶ እንዲልክ ጠይቁ፤ ሁለተኛው ጎድሎ መጽሐፉ ብቻ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።