ስሙን ልግዛ ወይስ ድንጋዩን? የመኳንንት ኤመራልድና አልማዝ ጌጦች ሲነጻጸሩ

የድሮ መኳንንት ጌጥ ሲሸጥ ድንጋዩም ታሪኩም አብረው ይሸጣሉ። ሻጩ ሁለቱን ደባልቆ አንድ ዋጋ ይጠራል። ገዢ ግን ነጣጥሎ ቢመዝን ይሻለዋል። በጨረታ የተሸጡ ሦስት ጌጦችን ጎን ለጎን እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አንደኛው የሩሲያዋ ግራንድ ዱቼስ (ልዕልት) ቭላዲሚር ኤመራልድ ነው፤ ኤመራልድ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ነው። በባሏ ስም የምትጠራው ይህች ልዕልት፣ ማሪያ ፓቭሎቭና፣ በ1874 የዳግማዊ አሌክሳንደርን ልጅ ቭላዲሚርን ስታገባ ከንጉሠ ነገሥቱ የተቀበለችው ስጦታ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ጌጦቿ በድብቅ ከሩሲያ ወጡ። ድንጋዩን ልጇ ቦሪስ ወረሰ፤ ከዚያ ጌጥ ሠሪው ካርቲየር እጅ ገባ። ከዚህ በላይ ታሪክ ከየት ይመጣል? ግን በ1954 እንደገና ተቆረጠ። 107.67 ካራት (የከበረ ድንጋይ የክብደት መለኪያ) የነበረው 75.61 ሆነ፤ አራት ማዕዘን የነበረው ቅርጹም ወደ እንባ ጠብታ ተለወጠ። በ2019 አጫራቹ ድርጅት ክሪስቲስ ጄኔቭ ላይ በ4.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠው። በካራት ሲሰላ 57 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው።

ሁለተኛው የሮክፌለር ኤመራልድ ነው። ማዕረግ የሚባል ነገር የለውም፤ የነዳጅ ቱጃር ቤት ነው። ጆን ዲ. ሮክፌለር ትንሹ በ1930 ለሚስቱ በገዛላት ብሮሽ (ደረት ላይ የሚሰካ ጌጥ) ላይ ነበር። እሷ ስትሞት ብሮሹ ተፈታ፤ ድንጋዩም ቀለበት ላይ ገባ። (የሩሲያውንም ኤመራልድ በኋላ የገዛው ይኸው ሰው ነው።) የሮክፌለሩ ድንጋይ 18.04 ካራት ብቻ ሆኖ ሳለ በ2017 በ5.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። በካራት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው! ምክንያቱ ጥራቱ ነው። የኮሎምቢያ ድንጋይ ነው፤ ቀለሙ ድንቅ ነው፤ ዘይትም አልነካውም። አብዛኛው ኤመራልድ ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ይገባበታል። ያልገባበት፣ በዚያ ላይ ንጹሕና ትልቅ የሆነ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም።

ሦስተኛው ጀርመናዊው ጊዶ ሄንክል ፎን ዶነርስማርክ በ1900 አካባቢ ለሚስቱ ለካታሪና ያሠራላት ቲያራ (ዘውድ መሰል የራስ ጌጥ) ነው። 11 የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው የኮሎምቢያ ኤመራልዶች አሉበት፤ ድምራቸው ከ500 ካራት ያልፋል። ሌላው አጫራች ድርጅት ሶዝቢስ በ2011 ጄኔቭ ላይ በ12.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠው። ኤመራልዶቹ ቀደም ሲል የፈረንሳይዋ እቴጌ ዩጂኒ ነበሩ ይባላል። «ይባላል» የምትለዋን ልብ በሉ። እኔ ለእሷ አንድ ብር አልጨምርም። ዋጋ ያለው ቲያራው ሳይፈርስ፣ እንደተሠራ መድረሱ ነው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ስም ተጨማሪ ዋጋ የሚገባው ጌጡ ያልተነካካ ሲሆንና ማስረጃ ሲኖረው ነው። ድንጋዩ ከወጣ፣ ከተቆረጠ፣ አዲስ ቀለበት ላይ ከገባ ግን በድንጋይነቱ ብቻ መዝኑት።

ማስረጃ የሚባለው የጌጥ ሠሪው ስም ያለበት የመጀመሪያው ሣጥን፣ የኑዛዜ ዝርዝር፣ ባለቤቷ አድርጋው የተነሳችው ፎቶ ወይም የቆየ የጨረታ ካታሎግ ነው። «የአንድ መኳንንት ቤተሰብ ንብረት» የሚል ጽሑፍ ብቻውን የሻጩን ማንነት ይነግራችኋል እንጂ ጌጡ ቤቱ ውስጥ መቼ እንደገባ አይነግራችሁም። ባለፈው ዓመት ገዝተውት ሊሆን ይችላል።

ጌጡ ራሱም ይናገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አልማዝ በአብዛኛው የሚታሰረው ከፊት ብር፣ ከኋላ ወርቅ በሆነ ሥራ ነበር። ፕላቲነም (ነጭ ውድ ማዕድን) የተስፋፋው ከ1900 ወዲህ ነው። ስለዚህ «የ1860 ብሮሽ» ተብሎ ፕላቲነም ላይ የተቀመጠ ዘመናዊ ቁርጥ አልማዝ ካያችሁ ጠይቁ። የኤመራልዱም ምንጭ እንዲሁ ይመሰክራል። የጉጂው የሻኪሶ ኤመራልድ በዓለም ገበያ በሰፊው የታወቀው ከ2016 ወዲህ ነው። የድሮ የተባለ ጌጥ የላቦራቶሪ ወረቀቱ የድንጋዩ ምንጭ ኢትዮጵያ ነው ካለ፣ ድንጋዩ በቅርብ ጊዜ የተተካ ነው ማለት ነው። በነገራችን ላይ ግሩም ድንጋይ ነው፤ ለአዲስ ቀለበት እኔ ራሴ እሱን እመርጣለሁ።

ሚሊዮን ለሌለው ሰውስ? ስም የሌለው ግን ያልተነካካ የድሮ ብሮሽ ፈልጉ። ብሮሽ የሚያደርግ ሰው ስላነሰ፣ ተመሳሳይ ድንጋይ ካለው ቀለበት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ኤመራልድ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅም ደረት ላይ ቢሆን ይሻለዋል፤ የጣት ቀለበት ከሁሉም ነገር ጋር ይጋጫል። ዘይት መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ የጉብሊን፣ የኤስኤስኢኤፍ ወይም የኤጂኤል (የከበሩ ድንጋዮች ላቦራቶሪዎች ናቸው) ሪፖርት ሳታዩ አትክፈሉ። በጨረታ ከሆነ ደግሞ የአጫራቹ ኮሚሽን አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ ላይ ይደመራል። የመጨረሻ ዋጋችሁን ስትወስኑ ያንን አስቀድማችሁ ቀንሱ።