ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ለሚውሉ የቡችላ ባለቤቶች፦ ስለ አንዲት የእንስሳት ጤና ረዳት ባለሙያ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ ቡችላችንን በማሳደግ ላገዙን አንዲት የእንስሳት ጤና ረዳት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም እንደ እኛ ባልና ሚስት ሁለቱም ቀኑን ሥራ ላይ የሚውሉ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ አገልግሎት መኖሩን እንዲያውቁ ነው። ባለሙያዋ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ልጆቻችን በሚጠሯቸው አጠራር «እትዬ» እላቸዋለሁ። እትዬ ለብዙ ዓመታት በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ሠርተዋል፤ አሁን ደግሞ በግላቸው፣ በሲኤምሲ እና በአያት መካከል ባሉ ጥቂት ቤቶች እየተዘዋወሩ ባለቤቶቻቸው ሥራ የዋሉ ቡችላዎችን ይከታተላሉ።

እኔ በሂሳብ ሥራ ላይ ነኝ፤ ባለቤቴ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ከጠዋቱ 1፡30 ከቤት ወጥተን፣ ከመንገዱ መጨናነቅ የተነሳ ብዙ ጊዜ የምንመለሰው ምሽት 12፡30 ገደማ ነው፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት የሚመጡት ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ዳማ ብለን የሰየምናት ቡችላ ወደ ቤታችን ስትመጣ ገና 2 ወሯ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ቡችላ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ መብላት አለበት፤ ሽንቱን ቢይዝ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያህል ነው፤ ከቀኑ ውስጥ አብዛኛውን ሰዓት ቢተኛም በነቃ ቁጥር ወዲያው መውጣት ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው ጠዋትና ማታ ላይ አልነበረም፤ ጠዋትና ማታ እኛ አለን። ጥያቄው ማንም ቤት በሌለበት በቀኑ እኩሌታ ላይ ነበር፤ እትዬ የሞሉልንም ይህንኑ ክፍተት ነው።

አገራችን ውስጥ ውሻ በአብዛኛው የሚያድገው ግቢ እንዲጠብቅ በመሆኑ፣ ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ቡችላውን በሰንሰለት አስሮ፣ ትራፊ እንጀራ በሳህን አድርጎለት መውጣት የተለመደ ነው፤ እንዲያውም ታስሮ የዋለ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል ብለው የመከሩን ነበሩ። እትዬ ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ። ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና አዲስ ነገርን ያለ ፍርሃት የሚለምደው በተለይ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንደሆነ፣ ይህን ጊዜ ታስሮ ያሳለፈ ውሻም ኃይለኛ የሚመስለው ስለሚፈራ እንደሆነ አስረዱን፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም። የዳማ ክትባት ገና ስላላለቀ ሌሎች ውሾች በሚረግጡት መሬት ላይ ሳያስቀምጧት፣ በክንዳቸው ታቅፈው እስከ ግቢው በር ይወስዷትና ሚኒባሱ ሲያልፍ፣ ቆራሌው ሲጣራ፣ ተማሪዎች ሲሯሯጡ ያሳይዋት ነበር። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ጮኻ ታሳውቃለች፤ «ተይ» ስትባል ደግሞ ትተዋለች። ከግቢ ጠባቂ ውሻ ከዚህ በላይ የሚፈለግ ነገር አለ ብዬ አላምንም።

ሥራቸውን የጀመሩበት መንገድ ራሱ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በክፍያ ከመስማማታችን በፊት ቤቱን ሊያዩ መጡ፤ የክትባት ካርዷን ጠየቁ፤ በረንዳው ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የጫማ መደርደሪያ እና የአይጥ መርዝ እንዳለ ዞረው ተመለከቱ። ከዚያም በበረንዳው አንድ ጥግ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር እንድናሠራ፣ ውስጡ ምንጣፍ፣ የማይገለበጥ የውኃ ሳህን እና የምታኝከው ነገር እንድናስቀምጥ ነገሩን። የቤት ቁልፍ በአደራ ሲቀበሉ ደግሞ መታወቂያቸውን ኮፒ አድርገው ሰጡን፤ የምናውቀውን አንድ ጎረቤትም በዋስነት አቀረቡ። እኛ ሳንጠይቅ ነው ይህን ያደረጉት።

በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይመጣሉ፤ ቡችላዋ በጣም ትንሽ በነበረችበት ጊዜ ደግሞ ረፋዱ ላይም ተጨማሪ ጉብኝት ነበራቸው። የሚያደርጉትን ሁሉ በአንድ ተራ የተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ማታ ስንገባ መጀመሪያ የምናነበው እርሱን ነው። ከአንዱ ገጽ ልጥቀስ፦ «6፡35 ሽንት ውጭ፣ ምንጣፉ ደረቅ። 6፡45 ምግቧን ጨረሰች። ሰገራ ጠንካራ፣ ትል የለም። የግራ ጆሮዋን ትቧጭራለች፤ ማታ በመብራት ይታይ።» ማታ በመብራት ስናየው ጆሮዋ ውስጥ ሥር የተጣበቀ መዥገር አገኘን። ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው ደክሞት እንዲህ ያለውን ነገር ሊያይ አይችልም፤ እትዬ ግን የሚያዩትን ብቻ ሳይሆን እኛ ማየት ያለብንን ጭምር ይጽፉልናል።

ከሁሉም በላይ ላመሰግናቸው የምፈልገው ግን በየካቲት ወር ስላደረጉት ነው። ዳማ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዳ ሁለተኛውን እየጠበቀች ሳለ፣ ጠዋት ስንወጣ ደህና ነበረች። እኩለ ቀን ላይ እትዬ ሲመጡ በሩ ሲከፈት አልተነሳችም፤ ምግቡን አሽትታ ዞር አለች፤ አንድ ጊዜም አስታወከች። ድዷን በጣታቸው ሲነኩት ደርቆ የሚጣበቅ ሆነባቸው፤ የትከሻዋን ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁትም ቶሎ ወደ ቦታው አልተመለሰም። «ውኃ እያለቀባት ነው፤ ማታ ድረስ አንጠብቅም» ብለው ደወሉልኝ፤ እኔ ከቢሮ ወጥቼ መንገድ ላይ ሳለሁ እርሳቸው በፎጣ ጠቅልለው በታክሲ ክሊኒክ አድርሰዋታል። ከሰገራዋ በተወሰደ ናሙና ፓርቮ መሆኑ ታወቀ።

ፓርቮ የቡችላን አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ ሲሆን፣ ሕክምናው በዋናነት በደም ሥር ፈሳሽ መተካት፣ ትውከቱን ማስታገስ እና ተደርቦ የሚመጣውን የባክቴሪያ ኢንፌክሽን መከላከል ነው። ትንሽ ቡችላ በትውከትና በተቅማጥ ፈሳሹ በሰዓታት ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ መታየቱና ምሽት 12 ሰዓት ላይ መታየቱ ለዳማ በሕይወት የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ክትባት ለምን እንዳላዳናትም እትዬ በሚገባ አብራሩልን፤ ቡችላ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ስለሚችል፣ ክትባቱ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ ዕድሜው 4 ወር እስኪሞላ መቀጠል አለበት። አንድ ጊዜ ተከትቧልና በቃው ተብሎ ቡችላ ሲሸጥላችሁ ይህን አስታውሱ።

ዳማ ከክሊኒክ ከመመለሷ በፊት ደግሞ ሌላ ሥራ ጠበቃቸው። ቫይረሱ አፈር ውስጥና ወለል ላይ ለወራት ሊቆይ የሚችል፣ በተራ ሳሙና የማይጠፋ በመሆኑ፣ በመጀመሪያ ወለሉን አጥበው ካደረቁ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጠው በረንዳውንና ሳህኖቹን አረጠቡ፤ 10 ደቂቃ ያህል ቆይተውም አጠቡት። በሽታውን ወደ ሌሎቹ ደንበኞቻቸው ቡችላዎች እንዳያስተላልፉ በማሰብም፣ በሽታው እስኪያልፍ ወደ እኛ ቤት የሚመጡት በመጨረሻ ሆነ፤ ለእኛ ቤት ብቻ የሚያደርጉት ጫማና ጋወንም ለዩ። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ባለሙያ በየቤቱ ቢኖረን ብዬ ተመኝቻለሁ።

ስለ ምግብ ያስተማሩን ደግሞ ለማንኛውም የአበሻ ቤት የሚጠቅም ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ውሻ የወጥ ትራፊ ይበላል እንላለን፤ ነገር ግን ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎ እንኳ ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚጎዳ፣ በሽንኩርት ብዛት የሚሠራው ወጣችን ለትንሽ ቡችላ የሚሆን ምግብ አይደለም። ዘቢብና ቸኮሌትም እንዲሁ መርዝ ናቸው። እትዬ ያወጡልን የምግብ ሥርዓት ከውጭ በሚገባው ውድ የውሻ ምግብ ላይ ብቻ የተመሠረተ አልነበረም፤ ለሐኪሙ አሳይተው ካስፈቀዱ በኋላ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ሥጋ እና ካሮት ከደረቁ የቡችላ ምግብ ጋር እያዋዛን እንድንሰጥ አደረጉ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ቤታችን ሥጋና እንቁላል ባይበስልበትም፣ ለዳማ ብቻ የተለየች ድስት አስቀመጡና እርሳቸው ራሳቸው እየጾሙ እየቀቀሉ አበሏት። በማደግ ላይ ያለ እንስሳ የእኛን ጾም ሊጾም እንደማይገባው የነገሩን በቁጣ አልነበረም፤ ድስቷን ይዘው በመምጣት ነበር።

ለፋሲካ በግ ስናርድ ደግሞ አስቀድመው ደውለው፣ ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን ለውሻ እንዳንሰጥ አደራ አሉን። በታረደው በግ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት የኤኪኖኮከስ ትል እጭ የያዘ ሊሆን ይችላል፤ ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣና በሰው እጅ ወደ አፍ ከገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ይፈጥራል። ከረጢት የታየበትን ክፍል በጥልቅ ጉድጓድ እንድንቀብር፣ ደህናውን በሚገባ ቀቅለን እንድንሰጥ፣ የትል መድኃኒቱንም እንዳናቋርጥ ነገሩን። በየዓውዳመቱ በየግቢው ጥሬ ሳንባ ለውሻ ሲወረወር አይቼ ስላደግሁ፣ ይህ ምክር ከቡችላችን አልፎ ለልጆቼ ጤና የተደረገ ውለታ ሆኖ ተሰምቶኛል።

ብቻዋን መዋልን ያስለመዷት በጥቂት በጥቂቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ እኛ ቤት ባለንበት 5 ደቂቃ ወጥተን እንድንመለስ፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እያልን እንድንጨምር፣ ስንወጣም ስንገባም ብዙ ግርግር እንዳናደርግ አስተማሩን። ውጭ ሽንቷን በሸናች ቅጽበት ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ይሰጧታል፤ ቤት ውስጥ ብትሸና ግን ከሰዓታት በኋላ መቆጣት ዋጋ የለውም፣ ውሻ ያለፈውን ከቁጣው ጋር አያገናኘውም ይላሉ። በ4 እና በ6 ወር መካከል የወተት ጥርሷ ሲነቀል የበሩን እግር ማኘክ ስትጀምርም፣ አሮጌ ፎጣ አርጥበው፣ ቋጥረውና ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘው ሰጧት፤ ድዷን ስላበረደላት በሩን ተወችው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን 3 ወር እንደሞላት ያስከተቡልን እርሳቸው ናቸው፤ ልጆቻችንን አስቀምጠውም ውሻ ቢነክሳቸው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እንዲያጥቡ፣ ሳይደብቁም ለእኛ እንዲነግሩና በዚያው ቀን ጤና ተቋም እንዲሄዱ አስጠኗቸው፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልምና።

አንዳንድ ዘመዶቻችን ለውሻ ክትትል ብላችሁ በየወሩ ትከፍላላችሁ ወይ ብለው ይጠይቁናል። የወር ክፍያቸው ለእኛ የሚከብድ አይደለም፤ ለሚሰጡት ዕውቀት ግን አነስተኛ ነው ብዬ ስለማምን፣ ከፋሲካ በኋላ በራሳችን ፈቃድ ጨምረንላቸዋል። በዚህ ከተማ ብዙ የእንስሳት ጤና ረዳቶች ሙያቸውን ይዘው ሥራ ሲፈልጉ፣ ብዙ ቤተሰቦች ደግሞ ቡችላ አምጥተው ቀኑን በሰንሰለት ሲያውሉት አያለሁ፤ ሁለቱ ቢገናኙ ለሁለቱም መልካም ነው። ለእትዬ ከእኔ፣ ከባለቤቴ እና ከልጆቻችን የላቀ ምስጋና ይድረሳቸው፤ እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልን።

እርሳቸውን ለማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። በአሁኑ ጊዜ ሁለት ቤት ብቻ መጨመር እንደሚችሉ፣ ከመገናኛ ማዶ ያሉ ሰፈሮችንም በርቀቱ ምክንያት እንደማይቀበሉ ነግረውኛል። ስትጽፉ የቡችላውን ዕድሜ፣ የክትባት ካርዱን ፎቶ እና ከቤት የምትወጡበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ብትገልጹ፣ ቤታችሁን ለማየት የሚመጡበትን ቀን ቶሎ ይወስናሉ። ቡችላውን ገና ያላመጣችሁ ከሆነ ደግሞ ከማምጣታችሁ በፊት ብታነጋግሯቸው ይመርጣሉ።