ፒያሳ አካባቢ ያለችው አሳ ቤት

ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋ ገባንና የጣና ቀረሶ ጥብስ አዘዝን፣ ቆዳው ኩርሽምሽም ይላል ውስጡ ግን ልስልስ፣ አዋዜዋም አንጀት ታርሳለች። ዋጋው ግን ኧረ ወገን! ለምን ተወደደ ስላት አስተናጋጇ "እምቦጩ ነዋ፣ በጎርጎራ በኩል ጀልባ አላሳልፍ ብሎ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይሄ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ዳር ዳሩን ሸፍኖ ውሃው አየር ያጥረዋል፣ አሳው የሚራባበትን ቦታ ይዘጋል፣ ከየእርሻው በጎርፍ የሚገባው ማዳበሪያ ደሞ ይቀልበዋል። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር፣ ነጭ አሳም ሜኑ ላይ አለ፣ እሱ ክረምት መውጫ ላይ እንቁላል ሊጥል እነ መገጭ ወንዝ ሲገባ ነው መግቢያው ላይ በመረብ የሚያፍሱት፣ ያኔ እንኳ ባይሸጡት ምናለ? ለቀረሶው ግን እመለሳለሁ፣ ሎሚ አስጨምሩ።