ፊውዥን፦ በአንድ መስመር የሐበሻ ሰዓት

ቱሉ ዲምቱ ላይ ቪዲዮ አቀናብሬ ነው የምኖረው። ሠርግ፣ መልስ፣ አልፎ አልፎም የሱቅ ማስታወቂያ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በነፃ አውርጄ መጠቀም የጀመርኩት ባለፈው ክረምት ነው። መቁረጥ መቀጠሉ፣ ቀለሙ፣ ድምፁ ይሠራል፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ይህን የምጽፈው በውስጡ ስላለው ፊውዥን ስለተባለው የምስል ማንቀሳቀሻ ክፍል፣ በተለይም ኤክስፕሬሽን ስለሚባለው፣ እንቅስቃሴን በስሌት ስለሚያዝዘው ነገር ነው።

ያስገረመኝ በአንድ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ነው። የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ወይዘሮ ከማለዳ እስከ ማታ ክፍት መሆናቸውን የሚያሳይ፣ ቆጣሪዎቹ የሚሽከረከሩ የግድግዳ ሰዓት ፈለጉ። በሃርድ ዲስክ ታጭቀው የሚሸጡት ቴምፕሌቶች (ተሠርተው ያለቁ ቅንብሮች) ውስጥ ሰዓት ሞልቷል፤ ያየኋቸው ሁሉ ግን የፈረንጅ ሰዓት ናቸው። ንጋት ላይ አጭሩ ቆጣሪ ቁልቁል 6 ላይ ቆሞ ይጀምራል። እዚህ ሰፈር ይህን የሚያይ ሰው ዳቦ ቤቱ በቀትር የሚከፈት ነው የሚመስለው። ወይዘሮዋ እንዳዩት «ልጄ፣ በስድስት ሰዓት እኮ የጠዋቱን ዳቦ ሸጬ ጨርሻለሁ» አሉኝ።

ስለዚህ ሰዓቱን ራሴ ሠራሁት። ፊውዥን ውስጥ ቁጥር በሚጻፍበት ሳጥን ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት ጽፈው አስገባ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ከሥሩ አንድ መስመር ይከፈታል። እዚያ የሚጻፈው ስሌት ነው። «ታይም» የሚለው ቃል ቪዲዮው የደረሰበትን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) ቁጥር ይሰጣል። ደቂቃ ቆጣሪው ማዕዘን ላይ የጻፍኩት «ታይም» በ6 ሲባዛ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ነው። 360 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ሲካፈል 6 ስለሆነ እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ደቂቃ ይሆናል፤ የመቀነስ ምልክቱ የገባው ፊውዥን አዎንታዊ ማዕዘንን ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ስለሚያዞር ነው። ሰዓት ቆጣሪው ደግሞ የደቂቃ ቆጣሪው ማዕዘን ለ12 ሲካፈል ነው። አለቀ። ከመስመሩ አጠገብ ያለችውን የመደመር ምልክት ጎትቶ ደቂቃ ቆጣሪው ማዕዘን ላይ ሲጥሏት ስሙን ራሷ ትጽፈዋለች። ሁለቱም ሽቅብ ቆመው፣ ልክ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣሉ።

ሥራው ተጠናቅቋል ባልኩበት ማግስት ወይዘሮዋ «የምከፍተው እኮ 11 ሰዓት ተኩል ነው» ብለው ደወሉ። በኪፍሬም፣ ማለትም የእንቅስቃሴውን ነጥቦች በእጅ እየመዘገብኩ የሠራሁት ቢሆን ኖሮ የሁለቱንም ቆጣሪዎች ነጥብ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ማስተካከል ነበረብኝ። አሁን ግን «ታይም» ላይ 30 ቀነስኩ። ረጅሙ ቁልቁል ወረደ፤ አጭሩ ማንም ሳይነካው በ11 እና በ12 መካከል ገብቶ ቆመ። ብቻዬን ሳቅኩ። በኋላ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ለውጭ አገር እንግዶቹ ያንኑ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጠይቀኝ አጭሩ ቆጣሪ ላይ 180 ደመርኩለት፤ ስድስት ሰዓት ማለት የክቡ ግማሽ ነውና።

የቴምፕሌት ነጋዴው «ይህ ሁሉ ስሌት ለምን? እኔ ዘንድ ተዘጋጅቶልህ የለም ወይ?» ይል ይሆናል። አዎ፣ ተዘጋጅቷል፤ ግን ለማን? ደንበኛ ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር ሌላ ፋይል ልትሸጥልኝ ነው? «ፊውዥን ትናንት የመጣ ነው» እንዳትለኝም፤ የሪዞልቭ ባለቤት ብላክማጂክ ዲዛይን የገዛው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፣ ሪዞልቭ ውስጥ የገባው በ2018 ነው፣ ከዚያ በፊትም ለብዙ ዓመታት የፊልም ሰዎች ሲሠሩበት ቆይተዋል። ስሌቱ የሚጻፍበት ሉዋ የተባለው ቋንቋም በ1993 ብራዚል ውስጥ የተሠራ ነው።

ያናደደኝ ነገርም አለ። ሳይን የሚባለው፣ ቁጥርን ወደ ውዝዋዜ የሚቀይረው የሒሳብ ስሌት በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ነው የሚያስበው፤ በራዲያን ሙሉ ዙር 360 ሳይሆን 6.28 ገደማ ነው። የሱቅ ታፔላ በነፋስ የሚወዛወዝ እንዲመስል «ታይም»ን ለ10 አካፍዬ ሳይን ውስጥ ሳስገባው አንድ ሙሉ ውዝዋዜ 63 ፍሬም ያህል ይፈጃል፤ 360ን ለምዶ ለመጣ ሰው ይህ ቁጥር ከየት እንደ መጣ ግራ ያጋባል። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ከተቀያየረም ስሌቱ እምቢ ይላል። ከሁሉ የከፋው «ታይም» ሰከንድ ሳይሆን ፍሬም መቁጠሩ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ሥራ ላይ የተስተካከለውን ሰዓት ወደ 50 ሲወስዱት በእጥፍ ይሮጣል፤ «ታይም» በተጻፈበት ሁሉ ለ2 ማካፈል የባለቤቱ ዕዳ ነው። የላፕቶፔ ነገርማ አይነሣ፤ ለፊውዥን 32 ጊጋባይት ራም ይመከራል፣ የእኔ 16 ነው፣ ኖዶቹ (ሥራው የሚገጣጠምባቸው ሳጥኖች) ሲበዙ ማራገቢያው ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

እንዲያም ሆኖ ከኤክስፕሬሽን ወደ ኋላ አልመለስም። 295 ዶላር የሚጠየቅበትን፣ ስቱዲዮ የተባለውን የሪዞልቭ የክፍያ ዓይነት ለዚህ ብዬ አልገዛም፤ ይኸው መስመር በነፃውም ይከፈታል። ነጋዴው ወንድሜ ግን ቴምፕሌቶቹን አጥፍቶ ባዶውን ሃርድ ዲስክ የሚሸጥልኝ ከሆነ የሠርግ ቪዲዮ የማስቀምጥበት ቦታ ጠቦኛልና ዋጋ እንነጋገር።