48 ብርጭቆ፦ የቅዳሜ ጥናትና የእሁድ ሻይ በአንዲት የሰፈር ቁምስና

«ልጅሽን ካቶሊክ ሊያደርጉብሽ ነው» አለችኝ ጎረቤቴ። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን የሰማን ሰሞን፣ ብሎካችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። የእኔ ልጅ ያኔ ገና 7ኛ ክፍል ናት። ቢሆንም ደነገጥኩ። ቤት እየመጣ የሚያስጠና ሰው ፈልጌ ዋጋውን ስሰማ «እደውላለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከላይኛው ፎቅ ያለች ልጅ ናት «ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጥናት አለ፣ ማንም ይመጣል» ያለችኝ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ያኔም ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ግምገማው ከማን እንደመጣ እንድታውቁት ነው። የቁምስናዋን፣ ማለትም የካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኗን ስም አልጽፍም፣ ምክንያቱም ቅሬታም አለኝ፣ ደግሞ እዚያ የሚለፉት ሰዎች ስማቸው ሲነሳ ደስ የሚላቸው ዓይነት አይደሉም። ባቡሩ አያት ላይ ያልቃል። ከዚያ በባጃጅ ነው። ኮንዶሚኒየሙን አልፋችሁ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው ሲጀምር ደርሳችኋል።

ካቶሊክ ሲባል የፈረንጅ ነገር ለሚመስላችሁ፦ ቅዳሴው በግዕዝ ሥርዓት ነው። ከበሮ አለ፣ ጸናጽል አለ፣ እናቶች ነጠላ ለብሰዋል፣ ገናም ታኅሣሥ 29 ነው። ልዩነቱን መጀመሪያ የሚያውቀው እግራችሁ ነው፣ አግዳሚ ወንበር አለ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ቆሜ ስቀር አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝና ምንም ሳይናገሩ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ወደ ጥናቱ ልግባ። አዳራሹ የቆርቆሮ ነው። አስጠኚዎቹ እዚያው ያደጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ክፍያ የለም። ለፎቶኮፒ በወር 30 ብር ይሰበሰባል፣ የሌለው አይጠየቅም። መምህሩን የወደድኳቸው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንኳን የሰው ድምፅ መብረቅም አይሰማ። እሳቸው ግን አልቆሙም። ዝም ብለው ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ፣ አንድ መስመር ይጽፋሉ፣ ዞረው ልጆቹን ያያሉ፣ ያልገባው እጁን ያወጣል፣ መስመሩን አጥፍተው በሌላ መንገድ ይጽፉታል። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ቃል ሳይወጣ እኩልታ ተማሩ። ልጄ ቤት ስትገባ «እማ፣ ዛሬ ገባኝ» አለች። እውነቱን ለመናገር እሳቸው ሲናገሩ ብዙም አይገባትም ነበር።

ግድግዳው ላይ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሥዕል አለ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ መነኩሴ ናቸው። ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበርና የፎቋን ልጅ ጠየቅኳት። እውቀት ፍለጋ ገዳም ለገዳም የዞሩ ሊቅ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይላቸው የነበሩትን ጣልያናዊውን ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን አግኝተው ካቶሊክ የሆኑ፣ በመጨረሻ በእስር እየተጎተቱ በ1855 እ.ኤ.አ. የሞቱ። በ1926 እ.ኤ.አ. ሮም ብፁዕ ብላ አወጀቻቸው፣ በካቶሊኮች ዘንድ «ቅዱስ» ከመባል አንድ ደረጃ በፊት ያለ ማዕረግ ነው። በአዳራሹ ቋንቋ ግን ሥዕሉ አድራሻ ነው። «ስኳሩ የት ነው?» «አባ ገብረ ሚካኤል ሥር።» «መጥረጊያውስ?» «አባ ገብረ ሚካኤል ጎን።»

እዚያ ሥር ነው ብርጭቆዎቹ የሚቀመጡት። 48 ናቸው። ቁጥሩን ያወቅኩት ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴትዮ በየሳምንቱ ሁለቴ ስለሚቆጥሯቸው ነው፣ ከሻዩ በፊትና ከሻዩ በኋላ። በራዱ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የተጠመጠመ ነው፣ ሽቦው ላይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ደግሞ ፌስታል። ሻዩ ቀረፋና ቅርንፉድ የበዛበት ነው፣ ለእኔ ስኳሩም በዝቷል። ዳቦውን ቤተሰቦች ተራ በተራ ያመጣሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያው ከስብከቱ ሊረዝም ምንም ሳይቀረው ያልቅና ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ቤት ኪራይ ተጨመረ፣ ሁሉም እዚያ ይታወቃል።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄን እየጠበቅኩ ስልኬን ስጎረጉር እማማ መጡና «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ባዶ ነው?» አሉኝ። ባዶ ነው አልኩ። ሳፋና ላርጎ ሰጡኝ። አለቀ። ካቶሊክ ሁኚ ያለኝ የለም፣ ልጄንም ያላት የለም፣ የእነሱ ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ እሁድ ለብቻው ነው። ግን ይኸው ሦስት ዓመት ብርጭቆ አጥባለሁ። ጎረቤቴ ስትሰማ ሳቀችብኝ፣ አሁን የእሷም ልጅ እዚያ ነው የሚያጠናው።

ረቡዕ ደግሞ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር አባላት ጥንድ ጥንድ ሆነው የታመመ ሰው ይጠይቃሉ። ማኅበሩን በ1833 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ተማሪዎች እንደመሠረቱት የነገሩኝ መንገድ ላይ ነው፣ ዘይትና ሳሙና ተሸክመን ዳገት ስንወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው አብሬ የሄድኩት። አልጋ ላይ የዋሉ ባልቴት ነበሩ። እኔ ጸሎት ይደረጋል ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ጸሎቱ ኋላ ሆነ። መጀመሪያ ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ ቀረበ፣ እግራቸው ተዘፈዘፈ፣ ከዚያ አንደኛዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጥፍራቸውን መቁረጥ ጀመረች፣ የአውራ ጣታቸው ጥፍር እንደ ቀንድ የጠነከረ ስለሆነ ቀስ እያለች ከዳር ከዳር ነው። ባልቴቷ ምርቃት በምርቃት የሚያደርጓት መስሎኝ ነበር። እሳቸው እቴ! «ባለፈው ሥጋዬን ነክተሽኛል» እያሉ እስከ መጨረሻው ተነጫነጩባት። እሷም «እሺ እናቴ፣ እሺ» እያለች ጨረሰች።

አሁን ቅሬታዬ። አንደኛ ሰዓት። «3 ሰዓት» የተባለው ጥናት 3፡40 ይጀመራል፣ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲደርስ ደግሞ የፊዚክስ አስጠኚው ሳይናገር ይጠፋል። ሁለተኛ ሽንት ቤት። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሮቶው ትንሽ ነው፣ ቅዳሜ ከ5 ሰዓት በኋላ ባትሞክሩት ይሻላል። ድምፅ ማጉያው ይጮሃል እንጂ አይሰማም። አንዴ ደግሞ ምዝገባ ላይ የነበረ ሰው አንዱን ልጅ «ስምህ ዝርዝር ውስጥ የለም» ብሎ ከበር መለሰው። ልጁ ያን ሁሉ ጭቃ በእግሩ ረግጦ ነው የመጣው። መምህሩ ሰምተው ጠመኔያቸውን እንደያዙ ወጥተው ከባጃጅ ተራው መለሱት፣ ግን የነገሩ ምሬት እስካሁን አልወጣልኝም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሥራው ሁሉ ሰባት ሴቶች ላይ ነው። ዓርብ የሚጠርጉት እነሱ፣ ረቡዕ ዳገት የሚወጡት ባብዛኛው እነሱ፣ እሁድ ሻይ የሚያፈሉት እነሱ። በዐቢይ ጾም ዓርብ ፍኖተ መስቀል የሚባል የክርስቶስን የሕማም መንገድ የሚያስብ ጸሎት አለ፣ 14ቱን ምዕራፍ ቆመው ተንበርክከው ከጨረሱ በኋላ መጥረጊያ የሚያነሱት ያው እነሱ ናቸው። መዘምራኑ ጎረምሶች ቅዳሴ ላይ ድምፃቸው ሰማይ ይነካል፣ ሳፋው ሲወጣ ግን ሁሉም ስልክ ይደወልለታል። ለአባም ነገርኳቸው። «እውነትሽን ነው» አሉ። በሚቀጥለው እሁድ ማስታወቂያ ላይ ተናገሩ፣ ሁለት ልጆች መጡ፣ አንዱ በመጀመሪያው ቀን ብርጭቆ ሰበረና እማማ አባረሩት። እንግዲህ ምን ይደረጋል። ሁለተኛው ግን አሁንም አለ፣ እጁ ከእኔ ይፈጥናል።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዱን የወሰደው ሽንት ቤቱ ነው። ለልጆቻችሁ ለሒሳብ ዓይኔን ሳላሽ «ውሰዷቸው» እላለሁ፣ ለፊዚክስ ሌላ ፈልጉ። ልጄ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን በደህና ውጤት አልፋለች፣ ዘንድሮ 10ኛ ናት፣ ባለፈው ወር ደግሞ ለ5ኛ ክፍሎች ክፍልፋይ እንድታስረዳ ጠመኔ ሰጥተዋታል። የምትሄዱ ከሆነ ክረምት ላይ ቦቲ አድርጉ፣ ከቻላችሁ አንድ ጀሪካን ውሃ ያዙ፣ እንዲጠጣ ሳይሆን ለዕቃው።

ባለፈው እሁድ ቆጠራው 47 ሆነ። እማማ አዳራሹን ሁለቴ ዞሩ፣ አባ ገብረ ሚካኤል ሥርም ጎንበስ ብለው አዩ። ማታ ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ስከፍት፣ ልጄ ለመንገድ ብላ ሻይዋን እንደያዘች የወጣችበት ብርጭቆ በስካርፍ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አልደወልኩላቸውም፣ ፈራሁ። የፊታችን እሁድ ቀድሜ ገብቼ ከመቆጠሩ በፊት ቦታው አስቀምጠዋለሁ።