የአሜሪካ ምርጫ ባጆች፦ የትኛው ለዋጋው ይበቃል?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የድሮ ባጅ በኢንተርኔት ጨረታም በአሮጌ ዕቃ ገበያም ሦስት ዓይነት ሆኖ ይመጣል፦ ፊቱ በሴሉሎይድ (በድሮው ግልጽ ፕላስቲክ) የተሸፈነ፣ ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ የታተመ፣ ወይም ምርጫው ካለፈ ከስንት ዓመት በኋላ የተሠራ ቅጂ። በፎቶ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ሻጩ የፊቱን ፎቶ ብቻ ከለጠፈ፣ የጀርባውንና የጠርዙን እስኪልክ ድረስ ገንዘብ አታውጡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሴሉሎይዱ እንጀምር፤ በእኔ ሚዛን ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው። በ1789 ለጆርጅ ዋሽንግተን በዓለ ሲመት የተሠሩት ኮት ላይ የሚሰፉ የነሐስ ቁልፎች ነበሩ፤ በ1860 የሊንከን ደጋፊዎች ያደረጉት ደግሞ በቀጭን ብረት ላይ የታተመ ፎቶግራፍ በነሐስ ክፈፍ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሪባን እንዲገባበት የተበሳ ነው። በአንድ ፊቱ ሊንከን፣ በሌላው ምክትሉ ሃኒባል ሃምሊን ይታያሉ። ዛሬ የምናውቀውን ባጅ ለገበያ ያበቃው በኒው ጀርዚ ግዛት የኒውአርኩ ኩባንያ ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ ነው፤ ፓተንቱን ያገኘው ሐምሌ 1896 ላይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ክብ የቆርቆሮ ክዳን አለ፤ በላዩ የታተመ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ስስ ሴሉሎይድ ይለብሳል። ሁሉንም ከጀርባ የሚጨብጥ ቀለበት አለ፤ መርፌው እንደ ስፕሪንግ የሚወጠር ሽቦ ሆኖ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል።

ያ ዓመት ደግሞ የፕሬዚዳንትነት እጩዎቹ ማኪንሊና ብራያን የአገሪቱ ገንዘብ መሠረት አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ብር ይሁን ብለው የተፋጠጡበት ነው። ብራያን 16 እጅ ብር በ1 እጅ ወርቅ እንዲመነዘር ይጠይቅ ስለነበር፣ ከደጋፊዎቹ ባጆች አንዱ ላይ ያለው ሰዓት ለአንድ 16 ጉዳይ ያሳያል። ፖለቲካውን ለማያውቅ ሰዓት ብቻ ነው! የማኪንሊ ሰዎች በበኩላቸው የወርቅ ወገን መሆናቸውን ለማሳየት ወርቃማ ጥንዚዛ ኮታቸው ላይ ይሰኩ ነበር። 22 ሚሊ ሜትር በምታህል ክብ ላይ የወጣው የቀለም ሥራ በማጉያ መነጽር ሲታይ ከዛሬው ይልቅ የጠራ ነው። በብዛት ስለተሠሩም፣ የእጩው መልክ ብቻ ያለባቸው ተራዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ለቆየ ዕቃ ርካሽ ናቸው።

ጠላቱ እርጥበት ነው። ውኃ በጠርዙ ሰርጎ ወረቀቱ ጋ ሲደርስ ቡናማ ነጠብጣብ ይጥላል፤ ሰብሳቢዎች ፎክሲንግ ይሉታል። ከሴሉሎይዱ ሥር ስለሆነ አይጠረግም፤ ነጠብጣብ ያለበት ባጅ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ ባጅ አይታጠብም፣ በእርጥብ ጨርቅም አይወለወልም፤ ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ፀሐይ ቀይ ቀለሙን ታጠፋለች። ሴሉሎይድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ከሙቀት መራቅ አለበት። ስትገዙ ባጁን በመብራት ፊት አዘንብሉት፤ ከፊት ለፊት የማይታይ ስንጥቅ በጎን ይወጣል። ከጀርባው የአምራቹ ስም ያለበት ወረቀት ካለ መልካም ነው፤ ግን እዚያ ላይ የተጻፈው የፓተንት ቀን እንጂ ባጁ የተሠራበት ዓመት አይደለም። 1896 የሚል ወረቀት በ1908 ምርጫ ባጅ ውስጥ ቢገኝ አያስደንቅም። ወረቀቱ ወድቆ ቢጠፋም ባጁ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም።

የቆርቆሮው ዓይነት ከ1920 ግድም ወዲህ የተስፋፋ ነው። ሥዕሉ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ላይ ይታተምና ማሽን ቆርጦ ጠርዙን ያጥፈዋል። ወረቀት የለ፣ ሴሉሎይድ የለ፤ ለመቶ ሺዎች ለማደል ይመቻል። ግን ቀለሙ ከተጫረ ቆርቆሮው ይዝጋል። ለጨዋታ ከሆነ የ1940 ምርጫ ባጆች አይጠገቡም፤ ዌንዴል ዊልኪ ሩዝቬልትን ሲገጥም ደጋፊዎቹ ሦስተኛ የሥልጣን ዘመንን የሚቃወሙ መፈክሮችን በገፍ አሳተሙ፤ አንዱ የሩዝቬልትን ሚስት ጨምሮ «ኤሊኖርንም አንፈልግም» ይላል። የ1952ቱ «አይክን እወዳለሁ» (አይክ የእጩው የአይዘንሃወር ቅጽል ስም ነው) ትንንሽ ባጅ ግን በየሳጥኑ ሞልቷል፤ ከጥቂት ዶላር በላይ አትክፈሉበት። ከእሱ ይልቅ የዚያው ዘመቻ ሲያዘነብሉት መፈክሩና የአይዘንሃወር ፊት የሚፈራረቁበትን ፈልጉ።

ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት አንድ ባጅ አለ፤ የ1972ቱ ማክገቨርንና ኢግልተን። ኢግልተን ለድብርት በኤሌክትሪክ መታከሙ ከተሰማ በኋላ ከምክትልነት እጩነት የወጣው በ18 ቀኑ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ «ብርቅ» ብሎ ይጽፍበታል። ብርቅ አይደለም። ብዙ ተሠርቶ ነበር፣ ሰዎችም ታሪኩን ሰምተው አስቀመጡት። እውነተኛው ብርቅ የ1920 ምርጫ እጩ ጄምስ ኮክስና ምክትል እጩው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጎን ለጎን ያሉበት፣ በሰብሳቢዎች አጠራር ጁጌት የሚባለው ነው። ዘመቻው ገንዘብ አልነበረውም፤ በተፎካካሪው በሃርዲንግም በመራጭ ወኪሎች ድምፅ 404 ለ127 ተረታ። ዋጋው አስር ሺዎች ዶላር ይደርሳል፤ በ20 ዶላር ከቀረበላችሁ ቅጂ ነው።

ወደ ቅጂዎቹ ስንመጣ፣ በብዛት የሚያጋጥሙት የሶፍት ወረቀት አምራቹ ክሊኔክስ በ1968፣ የነዳጅ ኩባንያው አሜሪካን ኦይል ደግሞ በ1972 ለማስታወቂያ ያወጧቸው ናቸው። ሁለቱም ጠርዛቸው ላይ ተጽፎባቸዋል፤ በኋለኛው ላይ «ኤ-ኦ-1972» የሚል ደቃቅ ፊደል ታያላችሁ። ችግሩ አንዳንዱ ሻጭ ጽሑፉን መፋቁ ወይም ቀለም መቀባቱ ነው፤ በተጣጠፈው ጠርዝ ላይ አዲስ ጭረት ወይም ከቀሪው የማይመሳሰል ቀለም ካለ ተዉት። ከዚህም የሚቀል መፈተኛ አለ፦ ማኪንሊ ወይም ብራያን የታተመበት ባጅ ወረቀትና ሴሉሎይድ ከሌለው፣ ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ ከታተመ፣ ፎርጅድ ወይም ቅጂ ነው፤ በ1896 እንደዚያ ዓይነት የምርጫ ባጅ አልነበረም። በ1973 የወጣው የፌዴራል ሕግ የፖለቲካ ዕቃ ቅጂ የተሠራበት ዓመት በማይጠፋ መንገድ እንዲጻፍበት ያስገድዳል፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ምልክት የለሽ ቅጂ ግን አሁንም ይዞራል። ለክፍል ግድግዳ የሚሆን፣ ታሪኩን በአንድ ሰሌዳ የሚያሳይ ከተፈለገ ምልክት ያለበት ቅጂ በቂ ነው። ለስብስብ ግን አይሆንም።

አዲስ ባጅ ከእጩው ዘመቻ ሱቅ መግዛት ሌላ ጣጣ አለው። በአሜሪካ ሕግ የምትከፍሉት ሙሉ ዋጋ ለዘመቻው እንደተሰጠ መዋጮ ይቆጠራል፤ መዋጮ ማድረግ የሚችለው ደግሞ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ነው። የክፍያው ቅጽ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራና አሠሪ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ሁለቱንም ያልሆነ ሰው በድጋፍ ሰልፉ ደጃፍ ከሚያዞሩት ነጋዴዎች ይግዛ፤ እዚያ ገንዘቡ የሚገባው ነጋዴው ኪስ ነው።