ስልክን ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጋር ያለ ገመድ ለማገናኘት ምን ይግዙ? ምንስ አይግዙ?

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የኮምፒውተሩን ጀርባ ይመልከቱ። ከራውተር የመጣ የኔትወርክ ገመድ ተሰክቶበታል? ከተሰካና ስልክዎም የዚያኑ ራውተር ዋይፋይ የሚጠቀም ከሆነ፣ ሁለቱ ቀድሞውኑ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ናቸው። ስልኩ በአየር፣ ኮምፒውተሩ በገመድ ራውተሩ ላይ ይገናኛሉ፤ ከስልክዎ ምንም የሚንጠለጠል ነገር የለም። ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ለማስተላለፍ የሚጎድልዎ ነጻ መተግበሪያ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን «ኮምፒውተሬ ዋይፋይ የለውም» ብሎ በቀጥታ አዳፕተር፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ዋይፋይ የሚሰጥ ተጨማሪ ዕቃ፣ ወደ መግዛት ይሄዳል። ሲገዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከነበረው ገመድ የዘገየ ግንኙነት ነው። ይህ ሁልጊዜ ስለሚያንገበግበኝ ንጽጽሩን ከዚህ ጀመርኩ።

ገመድ ለሌለው፣ ወይም ከፋይል ያለፈ ነገር ለሚፈልግ ሰው ጥያቄው ይቀየራል። በስልኩና በኮምፒውተሩ መካከል ምን እንዲመላለስ ነው የሚፈልጉት? ፋይል ማስተላለፍ፣ ጥሪና መልእክትን በኮምፒውተር ላይ ማስተናገድ፣ የስልኩን ገጽ በትልቅ ስክሪን ማየት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የሚጠይቁት ዕቃም ይለያያል። ማሸጊያዎች ላይ ግን ሁሉም «ስልክን ከኮምፒውተር ያገናኛል» በሚል አንድ ሐረግ ተጠቅልለው ይሸጣሉ።

ብሉቱዝ ወይስ ዋይፋይ?

በዋጋ ዝቅተኛው አማራጭ በዩኤስቢ የሚሰካው ትንሹ የብሉቱዝ ዶንግል ነው። በላዩ ላይ 5.0፣ 5.3 ወይም 5.4 ተብሎ ይጻፋል፤ ገዢም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፋይሉ የሚፈጥን ይመስለዋል። አይፈጥንም። ፋይል ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የሚላከው ክላሲክ በሚባለው የብሉቱዝ ክፍል በኩል ነው። የዚህ ክፍል የፍጥነት ጣሪያ በወረቀት ላይ በሰከንድ 3 ሜጋቢት (አንድ ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው) ሲሆን፣ በተግባር ከ2 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። በ2016 ይፋ የሆነው ብሉቱዝ 5 ፍጥነቱን በእጥፍ ያሳደገው አነስተኛ ኃይል ለሚጠቀመው ለሌላው ክፍል፣ ማለትም እንደ ስማርት ሰዓት ላሉ መሣሪያዎች ለሚያገለግለው ነው። ስለዚህ 4 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ ፎቶ ሩብ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ 1 ጊጋባይት ቪዲዮ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። አይፎን የያዘ ሰውማ በብሉቱዝ ወደ ዊንዶውስ ፋይል መላክ ጭራሽ አይችልም።

ለፋይል ብሎ ብሉቱዝ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን አባክኗል ለማለት አላመነታም። ለጥሪ ግን ሌላ ነገር ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፎን ሊንክ የአንድሮይድ ስልክ ጥሪን በኮምፒውተሩ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ የሚያስተናግደው በብሉቱዝ ነው፤ ለአይፎን ደግሞ ያለ ብሉቱዝ ፈጽሞ አይገናኝም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ለሚሠራና ስልክ ለሚበዛበት ሰው ያ ትንሽ ዶንግል ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል። ያለ ገመድ የሚሠራ የጆሮ ማዳመጫ ወይም የቁልፍ ሰሌዳ ካለም በዚያው ይገናኛል።

በዋይፋይ ያው 1 ጊጋባይት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ በሚሠራ አሮጌ አዳፕተር ጥቂት ደቂቃዎች፣ በ5 ጊጋኸርዝ በሚሠራ ደህና አዳፕተር ደግሞ አንድ ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሻጮች የማያነሱት ነገር አለ። ስልኩም ኮምፒውተሩም በዋይፋይ ከአንድ ራውተር ጋር ሲገናኙ እያንዳንዱ ፋይል በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፤ አንድ ጊዜ ከስልኩ ወደ ራውተሩ፣ አንድ ጊዜ ከራውተሩ ወደ ኮምፒውተሩ። ሁለቱም ጉዞዎች አንድ ዓይነት ሞገድ ሲጋሩ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ በገመድ ከሆነ ሁለተኛው ጉዞ ከአየር ላይ ይነሳል። ገመዱን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። የራውተሩ የገመድ መሰኪያ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ አሮጌ ዓይነት ቢሆን እንኳ 1 ጊጋባይቱ በአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይገባል።

በዩኤስቢ የሚሰካው አዳፕተር ወይስ ውስጥ የሚገጠመው ካርድ?

ገመድ መሳብ የማይቻልበት ክፍል ውስጥ ያለ ኮምፒውተር አዳፕተር ያስፈልገዋል። ምርጫው ሁለት ነው፤ ከውጭ በዩኤስቢ የሚሰካ ወይም ኬዙ ተከፍቶ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የሚገጠም ካርድ።

የዩኤስቢው ጥቅም ግልጽ ነው። ምንም አይፈታም፣ ነገ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይዛወራል። ሲገዙት ግን ስሙ ላይ ያለውን ቁጥር ጠንቅቀው ያንብቡ። ኤሲ600 የተባለው በ2.4 ጊጋኸርዝ 150፣ በ5 ጊጋኸርዝ 433 ሜጋቢት ተደምሮ ወደ ላይ የተጠጋጋ ነው። ኤሲ1200 ደግሞ የ300 እና የ867 ድምር ነው። አዳፕተሩ በአንድ ጊዜ የሚሠራው በአንዱ ብቻ ስለሆነ ድምሩን የሚያገኝ ማንም የለም። ሌላው የሚታይ ነገር መሰኪያው ነው። በዩኤስቢ 2.0 የሚሠራ አዳፕተር ስሙ ላይ 1200 ወይም 1300 ቢጻፍበትም፣ መሰኪያው ራሱ በሰከንድ ከ480 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም። እንግዲያው ከፍ ያለ ቁጥር ካለው፣ ዩኤስቢ 3.0 መሆኑን ያረጋግጡ።

የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያና ገመድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ሥራ ላይ ሲሆን በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ይለቃል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በተሰካበት አጠገብ ትንሽ የብሉቱዝ ወይም የዋይፋይ ዶንግል ሲሰካ ግንኙነቱ የሚቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች ዕቃው የተበላሸ መስሏቸው ይመልሱታል። መፍትሔው አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ነው፤ ዶንግሉን ከብረቱ ኬዝ ጀርባ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ። ማራዘሚያ ወይም መቆሚያ አብሮት የሚመጣ አዳፕተር ካገኙ ከሌለው ያስበልጡት።

ካርዱ ግን፣ ኬዝ ለመክፈት የማይፈራ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ያለጥርጥር የማስመርጠው ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝን በአንድነት ይይዛል፣ ከኋላው የሚጠመዘዙ ሁለት አንቴናዎች አሉት፣ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። ሲገጠም ግን አንድ ነገር በጣም ይረሳል። ካርዱ በሚገባበት መሰኪያ በኩል የሚያልፈው ዋይፋዩ ብቻ ነው። የብሉቱዙ መንገድ ከካርዱ ጠርዝ ተነስቶ ማዘርቦርዱ ላይ ወዳለው ባለ ዘጠኝ እሾህ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሄድ ቀጭን ገመድ ነው። ገመዱ ማሸጊያው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ከዚያ ዋይፋዩ ይሠራል፣ ብሉቱዙ ግን ዊንዶውስ ውስጥ ደብዛው አይገኝም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ኬዙን ከፍተው ሁለት ነገር ይፈትሹ፦ ካርዱ የሚገባበት ክፍት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መሰኪያ መኖሩንና ያ ባለ ዘጠኝ እሾህ መሰኪያ በፊት ለፊቱ የዩኤስቢ ገመድ አለመያዙን።

የኢንቴል የዋይፋይ ካርዶችን በተመለከተ አንድ የቁጥር ልዩነት ብዙ ሰው ያከስራል። ኤኤክስ210 በማንኛውም ተስማሚ ማዘርቦርድ ላይ ይሠራል። ኤኤክስ211 ግን ሥራውን በከፊል ማዘርቦርዱ ላይ ላለው የኢንቴል ቺፕ ስለሚተው፣ ለእርሱ በተዘጋጁ የኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ እንጂ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር በሚይዙ ማዘርቦርዶች ላይ አይሠራም። በመልክ መንትያ ናቸው፤ የመጨረሻዋን አሃዝ ሳያዩ አይክፈሉ።

ዋይፋይ 6፣ 6ኢ እና 7 የሚሉት የዋይፋይ ትውልዶች ስሞች የሚያማልሉ ቢሆኑም፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ከስልኩ፣ ከራውተሩና ከካርዱ ደካማው ነው። ስልክዎ ዋይፋይ 5 ከሆነ የዋይፋይ 7 ካርድ አያፈጥነውም። የ6ኢ ልዩ ጥቅም የሆነው የ6 ጊጋኸርዝ ሞገድም በዊንዶውስ 11 እንጂ በዊንዶውስ 10 አይከፈትም። ለአብዛኛው ሰው ዋይፋይ 6 በቂ ነው።

መተግበሪያዎቹ

እዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅ መተግበሪያ ካጋጠመዎ በመጀመሪያ ከታች ያሉትን ይሞክሩ።

ለፋይል ብቻ የምመርጠው ሎካልሴንድን ነው። ነጻና ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ፣ በአንድሮይድና በአይፎን ላይ ይጫናል። አካውንት አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል፣ ፋይሉም ከቤት ኔትወርክ ሳይወጣ ተመስጥሮ ይተላለፋል። ሁለቱም ላይ ሲከፈት አንዱ ሌላውን በስሙ ያየዋል፤ ፋይሉን መርጠው ስሙን ይነካሉ፣ በዚያኛው በኩል መቀበልን ያጸድቃሉ፣ አለቀ።

ኬዲኢ ኮኔክትም እንዲሁ ነጻና ክፍት ሲሆን ሥራው ሰፊ ነው። ስልኩ ላይ የሚመጣ ማሳወቂያ በኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፤ በአንዱ የተቀዳ ጽሑፍ በሌላው ይለጠፋል፤ ስልኩ የኮምፒውተሩ ማውዝ ሆኖ ያገለግላል። ለሊኑክስ ተጠቃሚ ተወዳዳሪ የለውም። አይፎን ላይ ግን ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ መተግበሪያዎች ስለሚገደቡ ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል።

ፎን ሊንክ ለዊንዶውስና ለአንድሮይድ ጥምረት የተመቸ ነው፤ መልእክት፣ ጥሪ፣ ማሳወቂያና ፎቶ በአንድ መስኮት ያመጣል። በ2018 «ዩር ፎን» በሚል ስም የተጀመረው ይኸው መተግበሪያ ነው። የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። የስልኩን መተግበሪያዎች በኮምፒውተር መክፈት የሚያስችለው ክፍል ግን ሳምሰንግን በመሳሰሉ የተመረጡ ስልኮች ብቻ ይሠራል፤ ለዚህ ብለው የሚገዙት ነገር ካለ ስልክዎ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ይዩ። በአይፎን ድጋፉ በ2023 ቢጀመርም ከአንድሮይዱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የጉግል ኩዊክ ሼር የዊንዶውስ መተግበሪያ ለአንድሮይድ ፋይል ፈጣን ነው፤ ነገር ግን መሣሪያዎቹ እንዲገናኙ ኮምፒውተሩ ላይ ብሉቱዝም መከፈት አለበት። ዶንግል ለሌለው ዴስክቶፕ ሎካልሴንድ ይቀለዋል።

አይማክ ወይም ማክ ሚኒ ከአይፎን ጋር ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሊዘለው ይችላል። ዋይፋይም ብሉቱዝም አብረው ተሠርተዋል፤ የአፕል የራሱ ፋይል መላኪያ የሆነው ኤርድሮፕ ይበቃዋል።

የስልኩን ገጽ በኮምፒውተር ማየት

ዊንዶውስ የስልክን ገጽ የሚቀበልበት መንገድ ሚራካስት የተባለውን፣ ምስልን ያለ ገመድ የሚልክ ዘዴ ስለሚጠቀም ኮምፒውተሩ በገመድ ቢገናኝም የዋይፋይ ካርድ ይፈልጋል። የጉግል ፒክስል ስልኮች ሚራካስት አይልኩም፣ አይፎንም አይልክም። ለአንድሮይድ የተሻለው መንገድ ኤስ ሲ አር ሲ ፒ ዋይ በሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጻፈው ነጻ ፕሮግራም ነው። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ በኮድ ተጣምሮ ያለ ምንም ገመድ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የዋይፋይ ካርድ ባይኖርም ችግር የለውም። ትእዛዝ በጽሑፍ ማስገባት ስለሚጠይቅ ግን ሁሉም ሰው አይወደውም። ለዚህ ሲባል ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የሚከፈተውን የገንቢዎች አማራጭ («ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ») ሥራው ሲያልቅ መዝጋት ተገቢ ነው።

ሁሉም ተሟልቶ እንኳ አይገናኝ ሲል

ዕቃውን ከመመለስዎ በፊት ሁለት ቦታ ይዩ። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክን ብዙ ጊዜ «ፐብሊክ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ በዚህ ሁኔታ ኮምፒውተሩ ለሌሎች መሣሪያዎች አይታይም። የቤትዎ ኔትወርክ ከሆነ «ፕራይቬት» ያድርጉት። ሁለተኛው፣ ስልኩ ለእንግዶች በተለየው ዋይፋይ ላይ እንዳይሆን ነው፤ ይህ ኔትወርክ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሆን ተብሎ የተከለለ ነው።

ራውተር የሌለው ሰው ደግሞ የዋይፋይ አዳፕተር ይግዛና ኮምፒውተሩን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ያገናኝ። በሁለቱ መካከል የሚተላለፈው ፋይል ከሞባይል ዳታው ላይ አይቆጠርም። የዊንዶውስ ዝማኔ ግን ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሆትስፖቱን እንደተገናኙ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ ፍጆታን የሚቆጥበውን «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ።